እንቁላል የገባበት ዳቦ

ዳቦዬን የቀመሰ ሁሉ «ምን ጨምረሽበት ነው?» ይለኛል። ጥያቄውን አልወደውም። ልጆቼ አመሌን ስለሚያውቁ ዝም ብለው ይበላሉ፤ ምራቶቼ ግን ገና አልለመዱኝም፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከኋላዬ ይቆማሉ። «ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው። ሌላ ምን ይጨመራል?» ብዬ አፈጥጥባቸዋለሁ። ቆይቶ ደግሞ ይቆጨኛል፤ እነሱ ምን በደሉ? ይህን የምጽፈው አንድ ጊዜ ተናግሬው ሁለተኛ እንዳልጠየቅ ነው።

ነገሩ የሆነው ዲላ ነው፤ በጃንሆይ ጊዜ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ። ቤት ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ ከፍስሐ ገነት ቡና የሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር፤ አንድ ክረምት መኪናው ከነጭነቱ ገደል ገብቶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ዳቦ እየጋገረች ለሻይ ቤቶች በማቅረብ ታሳድገኝ ጀመር። ከሸዋ የመጣች ሴት ናት፤ ስንዴ በማይበላበት አገር በስንዴ መኖሯ ራሷን ያስቃት ነበር። ፉርኖ ዱቄቱ ከሰሜን በመኪና ይመጣል፤ ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው ከገበያ ይጠፋል። ያን ጊዜ ከጌዴኦ ሴቶች ቡላ ትገዛለች፤ ከእንሰት የሚጠለለውን ነጩን። ሦስት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ቡላ። ከዚያ ካለፈ ዳቦው ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ አበላሽታ አበላሽታ ነው የደረሰችበት።

እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሌላ ሙያ ይዤ መጣሁ። የቤት አያያዝ የምታስተምረን ፈረንጅ መምህርት በርሜል አስቆርጣ ምድጃ አሠርታ ብስኩት አስጋገረችን። ቅቤ፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ ወተት፤ ሁሉም በሲኒ እየተለካ። ደብተሬ ላይ ገልብጬ ቤት መጥቼ ሳነብላት እናቴ ከልቧ ሳቀች።

«ይህ ሁሉ ገብቶበት ድንጋይስ ቢሆን አይጣፍጥም?» አለችኝ።

ሳቋ አናደደኝ፤ ግን እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲያ አብረን መለዋወጥ ጀመርን። መምህርቷ ቫኒላ የምትለው ነገር ዲላ ስለሌለ በኮረሪማ ተካነው። የፈረንጁ ዱቄት እርሾ ስለሌለ የእናቴን የሊጥ እርሾ ጨመርን፤ ብስኩቱ አብጦ ትንንሽ ዳቦ ሆነ፣ ቢሆንም ሻይ ቤቶች ወደዱት። ደብተሬን መሐል ለመሐል አስምሬ በአንድ በኩል «የፍስክ»፣ በሌላው በኩል «የጾም» ብዬ ጻፍኩ። በፍስኩ ቅቤ፣ በጾሙ የኑግ ዘይት። በፍስኩ ወተት፣ በጾሙ የሱፍ ውሃ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እየጠየቀችኝ በቃሏ ትይዘዋለች። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

በዚያው ዓመት ወባ እናቴን ደጋግሞ ጣላት። ትድናለች፣ ትነሳለች፣ እንደገና ያንቀጠቅጣታል። ጥር ሲያልቅ ከንፈሯ ከዱቄት ነጣ፤ ማቡካት ጀምራ መሐል ላይ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየና ወደ እኔ ዞረ፣ ወደ እሷ አይደለም።

«ደሟ አልቋል። የምሰጣት ክኒን ወባውን ይገድል ይሆናል፣ ደም ግን አይሠራም። እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት ካልበላች ሌላ ወባ አትችልም» አለኝ።

ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ጾሙ እንደገባ የነፍስ አባታችንን ለመንኳቸው። መጥተው አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው «ልጄ፣ ለታመመ ጾም የለበትም፤ እኔ ፈትቼሻለሁ፣ ብዪ» አሏት። «እሺ አባቴ» አለች፤ መስቀላቸውን ተሳለመች፤ ሲወጡ ወደ ግድግዳው ዞረች። በማግስቱ ወተት ባቀርብላት አልነካችም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም፤ ከዚያ ሽሮ በሁለት ጉርሻ። ደረቅ ሴት ነበረች። ተናደድኩባት፤ እግዜርን የምትወድ እኔን የማትወድ መሰለኝ።

ጎረቤታችን አንዲት የጌዴኦ ሴትዮ ነበረች፤ ሚሲዮን የምትሄድ፣ የምትጾመው እንደ እኛ ያልሆነ። ግቢዋ እንሰት ነው፤ ዶሮና አንዲት ላም አላት። በአጥሩ በኩል ስታየኝ ሁልጊዜ፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛዋ፣ «እናትሽ ዛሬ በልቷል?» ትለኛለች። አንድ ቀን አለቀስኩባትና ነገሩን ነገርኳት። ገብታ አራት እንቁላልና አንድ ቅል ወተት አመጣችልኝ።

«የታመመ ሰው ምን ጾም አለው? እግዚአብሔር አያይም?» አለች።

እንቁላሎቹን በቀሚሴ ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። ደብተሬን አወጣሁ። የፍስኩንና የጾሙን እያየሁ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ የፍስኩን ሠራሁ።

አራቱን እንቁላል መታሁ፣ ዱቄቱን በወተት አቦካሁ፣ ቡላ አሳንሼ ጨመርኩ። ቢጫነቱ እንዳያስነቃብኝ እርድ ነሰነስኩበት። ኮባ ዘርግቼ ብረት ድስት ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ከታችም ከላይም ፍም አደረግሁ። ቅርፊቱን በኮባ ጠቅልዬ ከጎረቤታችን እንሰት ሥር ቀበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቆርሼ ሰጠኋት።

«ቢጫ የሆነው ምን ነው?»

«እርድ ነው፤ ለደም ጥሩ ነው ብለውኛል።»

አላመጠች። ሌላ ቁራሽ ጠየቀች። «ዛሬስ እጅሽ ጣፈጠ። ከእኔ በለጥሽ» አለችኝና ከዓይን ያውጣሽ ብላ መረቀችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ደስ አለኝ። ዛሬም ቢሆን ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

ከጎረቤታችን እንቁላልና ወተት እየገዛሁ በየሦስት ቀኑ አንድ ትልቅ ዳቦ እጋግርላት ነበር። ደብተሬ ጀርባ ላይ የበላችበትን ቀን በመስመር በመስመር እይዛለሁ፤ ድሬሰሩ ሲጠይቀኝ ልነግረው። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ከንፈሯ ቀላ። ግቢ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች። ለሻይ ቤት የማቦካውን ሊጥ መጥታ በጣቷ ተጭና «ውሃ አብዝተሻል» ብላ ነቀፈችኝ፤ እንደ ዱሮዋ። ድሬሰሩ ዓይኗን አይቶ «ምን ሰጥተሻት ነው?» አለኝ። «ዳቦ» አልኩት። እየዳነች ነበር። እኔ ነበርኩ የማድናት፤ ይህን አውቄ በኩራት ነበር የምሄደው።

እናቴ የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበርተኛ ናት። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በሃያ ሰባት በተራ በየቤቱ እየተሰበሰቡ፣ ቄስ ዳቦውን ባርከው ይቆርሱላቸዋል። የመጋቢቱ ተራ የእሷ ነበር። በዓሉ ትልቅ ነው፣ ግን ሁዳዴ ውስጥ ስለሚውል የሚቀርበው የጾም ነው። ማኅበርተኞቹ ስለታመመች ተራውን እናሳልፈው ቢሏት እምቢ አለች። «ልጄ ትጋግራለች» አለቻቸው፣ በኩራት።

ያን ቀን ሁለት ዳቦ ጋገርኩ። አንዱ የማኅበሩ፣ በውሃና በዘይት ብቻ። ሌላው የእሷ። ዝናቡ ገብቶ እንጨቱ ሁሉ ርሶ ነበር። ጢሱ ዓይኔን እያጠፋው አንዱን ፍም ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ሳገላብጥ የማኅበሩ ዳቦ ከታች አረረ፣ ከላይ ሊጥ ሆኖ ቀረ፤ ኩፍ አላለም። የእሷ ግን ጉልላት ሆኖ ወጣ፤ እንደዚያ ያማረ ዳቦ ከዚያም በፊት ከዚያም ወዲህ አልጋገርኩም።

ሁለቱንም ሰፌድ ላይ አስቀምጬ ምን እንደማደርግ ሳስብ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ያንን የተቃጠለውን ነው ለመድኃኔዓለም የምታቀርቢው?»

«ሌላ አልጋገርኩም፣ እማዬ።»

«ይኸ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ያንቺ ነው።»

«የእኔ? ያማረው ለእኔ፣ ያረረው ለእሱ?» አለችና ያማረውን አንሥታ ራሷ ሞሰቡ ላይ አኖረችው። ያረረውን ወደ እኔ ገፋችው። «ይህን እኔ እበላዋለሁ።»

አሁን ሳስበው መንገዱ ብዙ ነበር። ላነሣ ስል አደናቅፎኝ ጭቃ ውስጥ ብጥለውስ? ድመት ነካችው ብልስ? አንዱም አልመጣልኝም። ደግሞ የሆዴን ልናገር፤ ማንም አያውቅም ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እሷ ሃያ ሦስት ቀን በልታ አላወቀች፤ እነሱ በአንዲት ቁራሽ ከየት ያውቃሉ አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ መልስ መጡ፤ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። የነፍስ አባታችን ጸልየው ባርከው ቆረሱት። ውስጡ እንደ አደይ ቢጫ ነበር። ሁሉም እየተሳለመ ተቀበለ፣ ጎረሰ። አንዲት ጠና ያለች ማኅበርተኛ ማላመጧን አቆመች። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ የሆነ ነገር አወጣችና መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችው። የእንቁላል ቅርፊት ነበር፤ የጥፍር ቁራጭ የምታክል።

መዳፏን ለቄሱ አሳየቻቸው። ቄሱ በእጃቸው የቀረውን መልሰው ሞሰቡ ላይ አኖሩ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም አኖሩ። እናቴ መዳፉን አየች፤ ከዚያ ዳቦውን፤ ከዚያ እኔን።

«እርድ ነው አላልሽኝም?» አለችኝ።

መልሴን አልጠበቀችም።

ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ። ሳያውቁ የበሉ ጾም እንዳልገደፉ ተናገሩ፣ ለሁሉም ትንሽ ስግደት አዘዙ፣ እኔን ንስሐ ትገቢያለሽ አሉኝ። እናቴን «አንቺማ ፈትቼሻለሁ፣ ምንም የለብሽም» አሏት። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላ ቄሱን ያዘቻቸው።

«ስለት አለብኝ፣ አባቴ። ከዚህች በፊት ሦስት ቀብሬአለሁ። ይህች አራት ዓመቷ ላይ ኩፍኝ ይዟት ዓይኗ ሲገለበጥ መድኃኔዓለምን፣ ይህችን ተውልኝ እንጂ ዕድሜ ልኬን ሁዳዴህን አልገድፍም አልኩት። ተወልኝ። አሁን ቃሌን ሳጥፍ መልሶ ቢወስድብኝስ?»

«ስለት መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም? እሱንም እፈታልሽ ነበር።»

«እርስዎ ቢፈቱልኝ ሞት ይፈታልኛል?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለቱን አላውቅም ነበር። ለእግዜር ብላ የምትተወኝ ነበር የሚመስለኝ። ለእኔ ኖሯል።

ቄሱ ከወጡ በኋላ ጠራችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ስንት ቀን ነው ያበላሽኝ?» አለችኝ።

«ሃያ ሦስት» አልኳት።

ይኸን ነው እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ያላልኩት። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኗን እያየሁ ስዋሽ ኖሬ እውነቱን የተናገርኩት በዚያች ሰዓት ነው። ሦስት ብላት ምን ነበረበት? ሁለት ቀን ብላትስ? ማንበብ አትችል፣ ደብተሬን አታመሳክር። ግን ፈርቼ ነበር፤ ሁለተኛ መዋሸት ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእጄን ዳቦ አልበላችም። ሽሮም ወጥም የምሠራውን ሁሉ ተወች። የምትበላው ምንም የማይደበቅበትን ብቻ ሆነ፤ የሽምብራ ቆሎ፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ጎደሬ። ጎደሬውን ራሷ ትልጠዋለች። ቀልቶ የነበረው ከንፈሯ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ነጣ። አጠገቧ ተቀምጬ አለቅሳለሁ፤ እሷ ፀጉሬን እየዳበሰች ቆሎዋን ትቆረጥማለች። አትጠላኝም ነበር። አላመነችኝም እንጂ አልጠላችኝም።

ፋሲካ ደረሰ። ተስፋዬ ሁሉ እሱ ነበር። ጾሙ ያልቃል፣ እንቁላሉንም ወተቱንም በግልጽ አበላታለሁ፣ ትነሳለች። ከጎረቤታችን የገዛሁትን እንቁላል ቀቅዬ፣ ወተት አፍልቼ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ስመለስ ሰሃኑ ባዶ፣ ኩባያው ባዶ። እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ግን እየከሳች ነበር። ድሬሰሩ ዓይኗን አይቶ «ምንም አልበላችም እንዴ?» ሲለኝ ተጣላሁት።

በዚያን ሰሞን እናቴ ራስጌዋ አንዲት የበርበሬ ቆርቆሮ ታኖር ጀመር። ውስጡ የቦሎቄ ፍሬ ነበር። ጸሎት የምትቆጥርበት መስሎኝ አልጠየቅሁም።

አንድ ከሰዓት ጎረቤታችን በአጥሩ ጠራችኝ። «እናትሽ በጣም ጥሩ ሰው ነው፤ ግን እሱ ራሱ ይብላ። እኔ ልጆች አሉኝ ብዬ እንቁላል መልሼ አልወስድም» አለችኝ። እኔ የማውቅ መስሏት ነበር። እናቴ እኔ ስወጣ እየተንፏቀቀች አጥሩ ድረስ ሄዳ፣ ከሴትዮዋ የገዛሁትን እንቁላል መልሳ ለሴትዮዋ ልጆች ትሰጥ ነበር። ወተቱንም።

እየሮጥኩ ገባሁ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ጮኼባታለሁ። እሷ ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችልኝ።

«ሃያ ሦስት ቀን በልቼበታለሁ፣ ሃያ ሦስት ቀን እከፍለዋለሁ። ዘጠኝ ፍሬ ቀርቶኛል። ዘጠኝ ቀን ምን አላት?»

ቄሱን ጠርቼ መጣሁ። በበዓለ ሃምሳ ጾም እንደሌለ፣ መጾም ራሱ ነውር እንደሆነ ነገሯት። «እሺ አባቴ» አለች። ያቺን እሺ አውቃታለሁ። በማግስቱ ተኝታ ሳለ ከቆርቆሮው ሁለት ፍሬ ሰረቅሁ። ስትነቃ ቆርቆሮውን ነቅነቅ አድርጋ ቆጠረችና እጇን ዘረጋች።

«ሁለት ጎድሏል። አምጪ።»

ሰጠኋት። ሌላ ምን ላደርግ? አፏን በግድ ልክፈት? አሁን ሰባን አልፌ፣ ልጅ ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ ይህን ስጽፍ አንዳንዴ በግድ መክፈት ነበረብኝ እላለሁ። ደግሞ ሰባን ማለፌን ሳስብ ዝም እላለሁ። ስለቱ ሠርቷል የሚል ካለ ግን ከቤቴ አስወጣዋለሁ።

የመጨረሻዋን ፍሬ በመስኮት የጣለችው አንድ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠራችኝ፤ ድምጿ ቀጥኖ ነበር፣ ፊቷ ግን ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር።

«አሁን ያንን ዳቦሽን ጋግሪልኝ። ያንን ቢጫውን።»

«እንቁላል ያለበትን?»

«አዎ፣ ወተትም ያለበትን። እንቁላሉን ደግሞ አትቀንሺ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም፤ እያረርኩብሽም ትዝ ይለኝ ነበር።»

ስድስት እንቁላል መታሁ። እርድ አልነሰነስኩም። ቅርፊቱን አልቀበርኩም፤ እዚያው ምድጃው ዳር በተንኩት። ኩፍ እስኪል አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬው ሁለታችን እያየነው ቆየን። «ውሃ አላበዛሽም» አለችኝ። በስሎ ሲወጣ ከትኩሱ ቆርሼ በእጄ አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ዋጠች። ሁለተኛውን ዋጠች። ሦስተኛውን አፏ ውስጥ ብዙ አቆየችውና መዳፌን ስባ እዚያ ላይ ተፋችው። «አልወርድ አለኝ፤ ነገ እበላዋለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ወባው ተመለሰ፤ ድሬሰሩ እንዳለው አልቻለችውም። ማክሰኞ ቀበርናት።

ማኅበርተኞቹ ሁሉ ለቅሶ መጡ። ከቀብር መልስ ቤት ውስጥ የሚቀርብ ነገር ሲፈልጉ ያንን ዳቦ አገኙት፤ ሦስት ጉርሻ ብቻ የጎደለበት። ቆርሰው አደሉት። ቅርፊቱን ያገኘችው ጠና ያለችው ሴትም ደረሳት፤ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛ በላችው። ጾም አልነበረም፣ ሁሉም በላ። ለምን ቢጫ ሆነ ብሎ የጠየቀኝ የለም።